የሚያመነዥከው አምፕሊፋየር

መጀመሪያ የሰማሁት ማመንዠክ ነው።

ቀስ ያለ፣ እርጥብ፣ ምራቅ የበዛበት... ከዚያ ዋጥ። ከዚያ እንደገና።

ዓይኔን ጨፍኜ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ነበር። ህልም ነው እንዳትሉኝ። ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። ፀሐይዋ በመስኮት ገብታ ፊቴን ታቃጥለኛለች። የሆነውን ነው የምነግራችሁ፤ ማመን አለማመን የናንተ ፋንታ ነው።

ድምፁ የሚመጣው ከአምፕሊፋየሩ ነው። እኔ ግን ምንም አልከፈትኩም።

አባቴ ደሴ ሳለ፣ ሊሞት ሰሞን፣ በስልክ ድምፁን ቀድቶ ልኮልኝ ነበር።

"አንተ ልጅ፣ ጠፋህሳ! ዝናቡ ደህና ጥሏል። ለእናትህ ደውልላት። አላህ ይጠብቅህ።"

በቃ። ከአባቴ የቀረኝ ይሄ ነው።

በስልኩ ስሰማው ያ ጎርናና ድምፁ የትንኝ ያህል ይሆንብኛል። አጠገቤ ቁጭ ብሎ እንደሚያወራኝ አድርጌ ልሰማው ፈለግኩ። አምፕ ፍለጋ የገባሁት ለዚህ ነው።

ሙኒር ይዞኝ ሄደ። የሰፈሬ ልጅ ነው፤ ሬዲዮና ቴፕ ይጠግናል፤ አፉ አያርፍም። ሰንጋ ተራ አካባቢ ካለ አንድ ያገለገለ ዕቃ መሸጫ ሁለት አምፕ አማረጠኝ። አንዱ ትንሽ፣ ቀላል። ሌላው ስሙ ከፊቱ የተፋቀ፣ ለማንሳት ሁለት እጅ የሚፈልግ።

"ትንሹን ውሰድ ጀለሴ። ለአንዲት ክፍል ይበቃሃል።"

"ትልቁ ግን ከባድ ነው" አልኩት። እኛ ዘንድ አምፕ የሚመረጠው በክብደት ነው። ከከበደ ውስጡ ያለው ትራንስፎርመር ትልቅ ነው ይባላል።

"ሰርግ ልትደግስ ነው? ሙሽራ እንኳ የለህም!"

እየሳቀ ተሸክሞ አመጣልኝ። ቤት ካሉኝ ስፒከሮች ጋር አገናኘው፤ ቀዩን ሽቦ ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር።

"ድምፁን ከግማሽ አታሳልፍ፣ ስፒከርህ አይችለውም። ደግሞ ምንም ነገር እንዳታለብሰው። ይሞቃል። መተንፈስ አለበት።"

እሱ ከመውጣቱ የፊት ለፊት ጎረቤቴ እትዬ ሠርካዲስ ዳንቴል ይዘው መጡ።

"እንዴት ራቁቱን ታስቀምጠዋለህ? አቧራ ይጨርሰው?"

በእጃቸው የሠሩት ነጭ ዳንቴል ነው። እንቢ ይባላል? እናቴ ቤት ቴሌቪዥኑም ሬዲዮኑም ዳንቴል ለብሰው ነው የኖሩት።

አለበስኩት።

ያን ቀን አባቴ ክፍሉን ሞላው። በየቃሉ መሃል ትንፋሽ ሲስብ ሁሉ ተሰማኝ። አለቀስኩ።

በማግስቱ "ዝናቡ" የምትለዋ ቃል የለችም። በቦታዋ... ዋጥ።

ስልኩን ከአምፑ ጋር ያገናኘሁበትን ገመድ ነቅዬ በስልኩ ብቻ ሰማሁት። እዚያም የለችም።

ማቆም ነበረብኝ። ግን ናፍቆት መቼ ይሰማል? አንዴ ብቻ ልስማው እላለሁ... ሌላ ቃል ይሄዳል። "ለእናትህ" ሄደች። "አላህ ይጠብቅህ" ሄደ።

ሽታውም መጣ። ያልታጠበ ጨጓራ፣ ፀሐይ ላይ የዋለ። መስኮት ብከፍት፣ እጣን ባጨስ ከአፍንጫዬ አይወጣም። እህል አስጠላኝ።

እንግዲህ ያን ቅዳሜ ማመንዠኩን ስሰማ ተነስቼ ዳንቴሉን በሁለት ጣቴ ያዝኩት።

ረጥቧል። ሞቋል።

ሳነሳው ከብረቱ ጋር በዝልግልግ ክር ተያይዞ ተሳበ... ተሳበ... አልበጠስ አለ። በነጩ ዳንቴል ቀዳዳዎች ውስጥ አጫጭር ቡናማ ፀጉር ተጣብቋል። አንዱ ጣቴ ላይ ቀረ። ጠረግኩት። አልለቅ አለኝ። ቶሎ ብዬ ወደ መታጠቢያው ሮጥኩና አስመለስኩ።

ከዚያ ሙኒር ጋ ደወልኩ።

"ምን አርደህ ነው?" አለ ገና ከበሩ፣ አፍንጫውን ይዞ። "አልብሰኸዋል አይደል? ነግሬህ ነበር!"

ከሶኬቱ ነቀለው።

ማመንዠኩ አልቆመም።

ሙኒር መቀለዱን ተወ።

"ዝም በል" አለኝ በሹክሹክታ።

ብሎኖቹን ፈታ። ክዳኑን በትንሹ ከፍ አደረገ። እኔ ከኋላው ነኝ፤ የሚታየኝ ጀርባው ብቻ ነው። እጁን አስገባ።

እስከ ክርኑ ገባ።

የአምፑ ጥልቀት እኮ ስንዝር አይሞላም።

"ምን አለ?"

ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ወደ ክዳኑ አስጠጋ።

"ሙኒር... የአባቴ ድምፅ... ይወጣል?"

እጁን ቀስ ብሎ አወጣው። ከክርኑ በታች አረፋ የያዘ ለሃጭ ለብሷል። አልጠረገውም። ክዳኑን መለሰ። ያን ሁለት እጅ የሚፈልግ ዕቃ በአንድ ክንዱ ብብቱ ስር አድርጎ ተነሳ።

"ወዴት ነው? ተው እንጂ! አባቴ እኮ..."

አላየኝም። ወጣ።

ስልኬን ከፈትኩ። መልእክቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይሄዳል። ምንም የለበትም። ትንፋሹ እንኳ።

ተከትዬው ወጣሁ። ሙኒርን ከታች ሰማሁት። ያ ተሳዳቢ፣ ያ ቀልደኛ፣ በማላውቀው ለስላሳ ድምፅ ያወራል።

"ቀስ ይበሉ አባባ። ደረጃ ነው። ዝናቡ ደህና ጥሏል አሉኝ?"

በመደገፊያው ብረት ላይ አጎንብሼ አየሁ። ብቻውን ነው። ባዶው እጁ ግን ሽማግሌ እንደሚደግፍ ሰው ወደ ጎን ተዘርግቷል።

ግቢው ውስጥ ልብስ የሚያሰጡ ሴቶች ነበሩ። ሲያዩት መንገድ ለቀቁ... ለሁለት ሰው የሚበቃ። አንዷ ወደ ባዶው ጎኑ ዞራ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ ሰላም አለች።

ሙኒር ዞር ሳይል በግቢው በር ወጣ።