ሻለቃው ያላደረሰው ወሬ

የሰንበቴ የከብት ገበያ እሑድ እሑድ ሲቆም ሜዳው መላወሻ ያጣል። ግመሉና ፍየሉ ከቆላ ይወጣል፤ በጉና በሬው ከደጋ ይወርዳል። ባለፈው ዓመት በአንዱ እሑድ ግን ገበያተኛው ከብቱን ትቶ ሰው ሲያይ ዋለ። ሃያ የሚሆኑ የጦር መኮንኖች፣ ግማሾቹ የእኛው፣ ግማሾቹ ከጎረቤት አገሮች የመጡ፣ ማስታወሻ ደብተር ይዘው በፍየሎቹ መካከል ይዘዋወሩ ነበር። አንዲት ነጋዴ ከጅቡቲ የመጣውን ሻምበል ከእግር እስከ ራሱ አይታ «ይህ ሁሉ ጦር ለአንድ ፍየል ነው እንዴ የመጣው?» ብትል የሰማው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ።

መኮንኖቹ ፍየል ሊገዙ አልነበረም። ለሁለት ሳምንት ከሚሴ ተቀምጠው ስለ ቀጠናዊ የጸጥታ ትብብር የሚያጠኑ ናቸው። ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር መረጃ ካልተለዋወጠ ወንበዴ በመካከል መንገድ ያገኛል፤ የትምህርቱ ፍሬ ነገር ይኸው ነው። አስተማሪያቸው ሻለቃ አብዱልሰመድ የጨፋ ልጅ ነው። ወደ ሰንበቴ ያመጣቸውም ዳጉን በዓይናቸው እንዲያዩ ብሎ ነበር።

«አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ዝም ብለው አይተላለፉም» አለ በኩራት። «ቁጭ ይላሉ። አንዱ ያየውንና የሰማውን ሁሉ ይናገራል፤ ሌላውም እንዲሁ። ዳጉ ማለት ይህ ነው። የሰማ ሰው ወሬውን ለሚመለከተው ማድረስ አለበት። የደበቀ ሰው ከዋሸ ሰው እኩል ይቆጠራል። እኛ በቢሮና በማኅተም ያቃተንን እነሱ በምላሳቸው ችለውታል።»

መኮንኖቹ ጻፉ፤ እሱም ደስ አለው። መናገር ይችልበታል። ወገኖቼ፣ በመናገርማ ማን ያንሳል!

ጥቂት ቆይቶ ሑመድ የሚባል ሸምገል ያለ የአፋር ፍየል ነጋዴ በእጁ ጠርቶ ከሰው ነጠል አደረገው። ከአባቱ ዘመን ጀምሮ ቤተሰቡን የሚያውቅ ሰው ነው። ቁጭ አሉ። ሑመድ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ግጦሹ፣ ስለታመመችው ግመሉ ነገረውና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ከብት በአይሱዙ የሚጭኑት ሌቦች አሉ አይደል? ትናንት ሁለቱ እዚህ ነበሩ። ከቦርከና ማዶ ስላለው መንደር ሲነጋገሩ በጆሮዬ ሰማሁ። የፊታችን ዓርብ፣ ወንዱ ሁሉ ለጁምዓ ሶላት ጨፋ ሮቢት ሲሄድ፣ ከብቱን ከወንዙ ዳር ሊጭኑ ነው። መሣሪያ አላቸው። እኔ ዛሬውኑ ወደ ቆላ እመለሳለሁ፤ በዚያ መንደር የማውቀው ሰው የለኝም። አንተ ወታደር ነህ፣ አገሩም አገርህ ነው። አድርስ።»

«አብሽር፣ አደርሳለሁ» አለ ሻለቃው።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ያ የማዶ መንደር ለአብዱልሰመድ እንደ ሌላው መንደር አይደለም። ከስምንት ዓመት በፊት ታላቅ ወንድሙን ሙሀመድአሚንን በግጦሽ ጠብ ተኩሶ የገደለው አብዱልጀባር የሚኖረው እዚያ ነው። አብዱልጀባር ሰባት ዓመት ታስሮ ወጥቷል። ሕጉ ጨርሷል፤ የሟች ቤተሰብ ግን አልጨረሰም። ሽማግሌ ሲላክ በር ይዘጋል። ስለ ጉማ፣ ስለ ደም ካሳው ሲነሳ «ልጃችንን በከብት አንለውጥም» ይባላል። ሁለቱ መንደሮች ቃል ከተቆራረጡ ወዲህ ቦርከና ሲሞላ እንኳ «ውሃ መጣባችሁ» አይባባሉም። ከሁሉ የሚከፋው፣ የአብዱልሰመድ እህት ሳቢራ ከግድያው በፊት ለዚያው መንደር ሰው፣ ሙሀመድኑር ለሚባል ደግ ገበሬ ተድራ ነበር። ደም ከፈሰሰ ወዲህ እናቷ ዓይኗን አይታት አታውቅም።

ደግሞም ደም ያለበት ሰው ጁምዓ አይወርድም፤ መንገድ ላይ ይጠብቁታልና። ስለዚህ ዓርብ ዓርብ ሰው ሁሉ ለሶላት ሲሄድ የመንደሩን ከብት ብቻውን የሚጠብቀው አብዱልጀባር ነው። ይህን ወዲህም ማዶም ያለ ሰው ያውቀዋል። ሑመድ «ዓርብ» ሲል ሻለቃው መጀመሪያ ያሰበውም አብዱልጀባርን ነው።

ሰኞ ጠዋት ከሚሴ አዳራሽ ውስጥ ሲያስተምር ከኬንያ የመጣች አንዲት መኮንን በአስተርጓሚ ጠየቀችው። «የያዝኩት መረጃ የሚያድነው የምጠላውን ሰው ቢሆንስ?»

«መረጃ ዘመድና ባዳ አይለይም» አለ ሻለቃው ሳያመነታ። «የጎረቤትህ ቤት ሲቃጠል ዝም ካልክ እሳቱ ያንተን ጣሪያ አይቶ አያልፍም።»

አጨበጨቡለት። የማዶው ቀበሌ ሊቀመንበር ስልክ ቁጥር ኪሱ ውስጥ ባለው ስልክ ተመዝግቦ ነበር። አልደወለም። «ያልተጣራ መረጃ አይተላለፍም» አለ ለራሱ። ወታደር ነውና ለኃጢአቱም የደንብ ልብስ አያጣለትም። ማጣራት ቢፈልግ ግን ፖሊስ ጣቢያው ከአዳራሹ ሁለት መቶ እርምጃ አይርቅም ነበር።

ማክሰኞ ከሰዓት እናቱን ዘይቱናን ሊጠይቅ ወደ መንደሩ ሄደ።

«አካም ጅርታ፣ ኢልማ ኮ? ነገያ?» ብላ በኦሮምኛ ደኅንነቱን ጠይቃ ሳመችው። ተቀመጠ፤ የሰማውንም አንድ ሳያስቀር ነገራት። ዘይቱና መቁጠሪያዋን አስቀመጠች።

«ለማን ነገርክ?»

«ለማንም።»

«አልሐምዱሊላህ! እንግዲያ ምላስህን ያዝ። አንተ ጥይት አልተኮስክ፣ ሰው አልላክህ። አላህ ራሱ ሲበቀልልን መንገድ አትዝጋ።»

«እማ፣ እኔ እኮ የማስተምረው…»

«ለባዕድ አስተምር! ለኔ አታስተምረኝ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ያ ሰውዬ ከእስር የወጣ ዕለት እልልታቸው ወንዙን ተሻግሮ እዚህ ድረስ ተሰማኝ። ወላሂ ያን እልልታ ዋይታ ሆኖ ሳልሰማው አልሞትም።»

«የሳቢራም ከብት አብሮ ይሄዳል» አለ ቀስ ብሎ።

«ከብት ይተካል። ሙሀመድአሚን ተተካ?»

ተነስቶ ወጣ። ወደ ከሚሴ ሲመለስ አብዱልጀባር ብቻውን ወንዝ ዳር ቆሞ መሣሪያ የያዙ ሰዎች ሲከቡት በሐሳቡ አየው። ፊቱ ላይ የሚታየውን ፍርሃት ጭምር ሳለው። ደስ አለው። ደስታው ራሱን አስደነገጠው፤ ቢሆንም ደስታ ነበር። ረቡዕም አልደወለም። ሐሙስም አልደወለም።

ዓርብ መኮንኖቹ እረፍት ስለነበራቸው ሻለቃው በጠዋት ወጥቶ እናቱ ቤት ሄደ። ወሬውን ከምንጩ ሊሰማ ነው። መስጊድ ለመሄድ እግሩ አልታዘዝ አለውና ቤት ውስጥ ሰገደ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይላል ያገሬ ሰው። ሰግዶ ሳይነሳ ከወንዙ ማዶ ሦስት ጥይት ተከታትሎ ተሰማ። ቀጥሎ የመኪና ሞተር አጓራና ራቀ።

ዘይቱና ሁለት እጆቿን ወደ ሰማይ ዘረጋች። «ልጄ፣ ደምህ ተመለሰ» አለች፤ ለሞተው ልጇ ነው። አብዱልሰመድ ዓይኖቹን ጨፈነ። ስምንት ዓመት ሙሉ ደረቱ ላይ የተቀመጠው ነገር የተነሳለት መሰለው።

ብዙም ሳይቆይ የግቢው በር ተንኳኳ። ከጨፋ ሮቢት መስጊድ የመጡ ሽማግሌዎች ናቸው። ከፊት አባጋሩ፣ ደም ለማድረቅ የሚሄደው ያገሩ አስታራቂ ሽማግሌ፣ ቆሟል። ከሱ ኋላ አንድ ሰው ትከሻው ላይ ድንጋይ ተሸክሞ አንገቱን ደፍቷል።

ሰውዬው ቀና አለ። አብዱልጀባር ነው፤ በሕይወት ያለ፣ ላቡ በግንባሩ የሚወርድ አብዱልጀባር።

«እናቴ ዘይቱና» አለ አባጋሩ፣ «ዛሬ ይህን ልጅ እኛ ከብበን ጁምዓ አሰገድነው። ከመስጊድ በቀጥታ ያመጣነው ወደ ደጅሽ ነው። ስለ አላህ ብለሽ ስሚው።»

ዘይቱና የሚላትን አልሰማችም።

«አንተ እዚህ ከሆንክ» አለችው፣ ስምንት ዓመት ልታናግረው ያልፈለገችውን ሰው፣ «ከብቱ ዘንድ ማን ነው ያለው?»

«ሙሀመድኑር ነው» አለ አብዱልጀባር፤ ጥያቄው ግራ አጋብቶታል። «የሳቢራ ባል። ‹ዛሬ ከብቱን እኔ ልጠብቅልህ፤ አንተ ሄደህ አማቴን ለምናት፣ ልቧ ይራራል› ብሎ ላከኝ።»

ያን ጊዜ ከማዶ ዋይታው ተነሳ። ዘይቱና ለመስማት የተሳለችለት ዋይታ ወንዙን ተሻግሮ ደረሰላት። የልጇ የሳቢራ ድምፅ ነበር።

በሦስተኛው ቀን የሙሀመድኑር ለቅሶ ላይ ሰው ሁሉ ስለ ሌቦቹ ይነጋገራል። አርባ ሁለት ከብት ሄዷል፤ ፖሊስ የመኪናውን ፈለግ ይዟል። ሻለቃው ከሐዘንተኞቹ መካከል ተቀምጦ «አላህ ይዘንለት» ሲሉት «አሚን» ይላል። ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም ነበር። እናቱም አትናገርም፤ ከዓርብ ጀምሮ አፏ ተለጉሟል። ከዚያ ሑመድ መጣ። ከቆላ ሲመለስ መርዶውን መንገድ ላይ ሰምቶ ነው። ከሻለቃው ፊት ቁጭ አለ፤ በቁጣ ሳይሆን እንደ ልማዱ ጠየቀው።

«ወሬውን ለማን ሰጠኸው? ማነው ያላደረሰው?»

አብዱልሰመድ የሚዋሽበት ስም ፈልጎ ነበር፤ ስንት ሊቀመንበር፣ ስንት ፖሊስ አለ! ዓይኑን ሲያነሳ ግን ሳቢራ ታየዋለች።

«እኔ ነኝ» አለ። «አምስት ቀን ሙሉ ይዤው ዋልኩ። ለማንም አልሰጠሁም። የሚሞተው አብዱልጀባር መስሎኝ ነው።»

የሙሀመድኑር ወንድሞች ከመቀመጫቸው ተነሱ። አባጋሩ ዱላውን አጋድሞ መካከል ገባ። ያን ቀን ሌላ ደም ያልፈሰሰው በሱ ጉብዝና ብቻ አይደለም፤ አብዱልጀባርም እጁን ዘርግቶ ከሻለቃው ፊት ቆሞ ነበር። ለምን እንደቆመ ሲጠየቅ «መንገድ ላይ ሰው የሚያደባብኝን ኑሮ ኖሬዋለሁ፤ ለማንም አልመኘውም» አለ።

ሳቢራ ግን ለወንድሟ አንድ ነገር ተናገረችው። «ሙሀመድአሚንን የገደለው ሰው ተናዶ ነበር። አንተ ግን አምስት ቀን እየበላህ፣ እየተኛህ፣ እያስተማርክ ነው ባሌን የገደልከው።»

ማግስቱን አብዱልሰመድ ከሚሴ ሄዶ ለአለቃው ለኮሎኔል ብርሃኔ ሁሉን ተናገረ። ኮሎኔሉ ከማስተማር አገደው፤ ጉዳዩም ወደ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ተመራ። ሻለቃው ከመሄዱ በፊት ግን አንድ ነገር ለመነ፤ ለአሥር ደቂቃ ተማሪዎቹ ፊት ቆሞ ለኬንያዋ መኮንን ጥያቄ ትክክለኛውን መልስ ሰጠ። «መረጃው የምጠላውን ሰው የሚያድን ቢሆን ምን አደርጋለሁ ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። አፌ የመለሰልሽን ሰምተሻል። እጄ የሠራውን ደግሞ አሁን ልንገርሽ» አለና ነገራቸው። ማንም አላጨበጨበም።

ወገኖቼ፣ አገር ከአገር ይተባበር ብለን ስብሰባ እንጠራለን፣ ሰነድ እንፈርማለን፤ መልካም ነው። ነገር ግን ትብብር የሚጀምረው ከወንዝ ማዶ ካለው ሰው ነው፤ ያውም ልናየው ከማንፈልገው ሰው። በቀል ሁልጊዜ ጠመንጃ አያነሳም። እያወቁ ዝም ማለትም መግደል ነው፤ እጁም ንጹሕ ስለሚመስል ከጥይት ይብሳል። ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው፤ ማን እንደሚገባበት አታውቅም። ሁለት መንደር ሲኮራረፍ የሚጠቀመው አይሱዙ ያለው ሌባ ብቻ ነው።

ከአርባው ቀን በኋላ ሽማግሌዎች ማዶ ተቀመጡ። ዘይቱናም ስምንት ዓመት ያልረገጠችውን ወንዝ ተሻግራ መጣች፤ ልጇ አጠገብ ልትቀመጥ ስትል ሳቢራ ፈቀቅ አለችላት እንጂ ቀና ብላ አላየቻትም። አባጋሩ አሁን ባለደሟ ሳቢራ ናትና ምን እንደምትፈልግ ጠየቃት።

«ጉማ አልፈልግም፤ ደምም አልፈልግም» አለች። «ይቅርታም አትጠይቁኝ፤ ዛሬ የለኝም። ባሌ የቆመበት ቦታ ባዶ ነው። ወንድሜ የኮሚቴው ውሳኔ እስኪመጣለት ድረስ ዓርብ ዓርብ እዚያ ይቁም። ከአብዱልጀባር ጋር።»

የመጀመሪያው ዓርብ ሰው ሁሉ ለጁምዓ ሲወርድ ሁለቱ ሰዎች ወንዙ ዳር ቀሩ። አሥር እርምጃ ተራርቀው ቆሙ። ከብቱ ይግጣል።

«እኔ ወንዙን አያለሁ» አለ በመጨረሻ አብዱልጀባር፣ ፊቱን ሳያዞር። «አንተ መንገዱን እይ። ያየኸውን ንገረኝ።»

ሻለቃው ወደ መንገዱ ዞረ።

«አንድ አይሱዙ እየመጣ ነው» አለ። ትንሽ ቆይቶም «ማሽላ የጫነ ነው፤ አለፈ» አለው።