ቦርዱ ያልቻለው ፊደል

ኮምፒውተሩ ለአራተኛ ጊዜ ያንኑ ቀይ መስመር አወጣ። «ፕሮግራሙ ከቦርዱ ሜሞሪ በላይ ነው» ይላል። ሚጢጢ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ ግንባሯን አሸች። ቦርዱ ፕሮግራሙ የሚጫንበት፣ የክብሪት ቀፎ የሚያክል የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ነው፤ ሠላሳ ሁለት ሺህ ባይት ይይዛል፣ ከዚያ በላይ አንዲት ነጥብ አያስገባም። የእሷና የጓደኛዋ ፕሮግራም በሁለት ሺህ ባይት ገደማ አልፏል።

የተቀመጠችው በአክስቷ ልብስ ስፌት ቤት፣ መተኮሻው ጠረጴዛ ጥግ ላይ ነው። አክስቷ ጆሮዋ አይሰማም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ስትሰፋ ደንበኛ ገብቶ ትከሻዋን ነካ ሲያደርጋት ክው ትላለች፤ ባለፈው ወር እንዲያውም ደንግጣ የማሽኑ መርፌ ጣቷን ወግቷታል። ስለዚህ ሚጢጢና ሽቦ የሚሉት የክፍል ጓደኛዋ ለሰኞው የትምህርት ቤት ኤግዚቢሽን ምን እንሥራ ሲባባሉ ብዙ አላሰቡም። በሩ ላይ ሦስት የሚጫኑ ቁልፎች፣ ማሽኑ ፊት ለፊት ደግሞ መብራትና ትንሽ ስክሪን። ደንበኛው አንዱን ሲጫን መብራቱ ቦግ ይልና ስክሪኑ ላይ «ልለካ መጥቻለሁ»፣ «ልብሴን ልወስድ ነው» ወይም «የሚጠገን አለኝ» የሚል ጽሑፍ ይወጣል።

ቦርዱ ፊደል የሚባል ነገር ስለማያውቅ እያንዳንዱን በነጥብ በነጥብ የሣለችው ሚጢጢ ናት። ከ«ሀ» እስከ «ፖ»፣ ሁለት መቶ ምናምኑን አንድም ሳታስቀር። ሽቦ በበኩሉ ከጽሑፉ በፊት ክር እየጎተተች ስክሪኑን የምታቋርጥ መርፌ ሠርቷል። ሁለት ሥዕል ብቻ ናት፤ ሲፈራረቁ ግን መርፌዋ ወገቧን እያወዛወዘች የምትሄድ ትመስላለች።

ሽቦ ገና ከቤቱ አልመጣም። ሚጢጢ በሩን አየት አድርጋ መርፌዋን ከፕሮግራሙ ሰረዘቻት። ልክ ገባ። መብራቱም በራ፣ ጽሑፉም ወጣ። «ተበላሽታ ነው እለዋለሁ» ብላ አሰበች። ማን ያጣራል? ግን ሽቦ በረፍት ሰዓት መርፌዋን ለጽዳት ሠራተኛዋ ሳይቀር እየዞረ ሲያሳይ ትዝ አላትና አልዋጥልሽ አላት። የሰረዘችውን መልሳ ስልክ ደወለችለት።

«ቶሎ ና። ሜሞሪው ሞልቷል።»

«በስንት?»

«በሁለት ሺህ ገደማ።»

«የኔ መርፌ ናት በይኛ» አለ ሽቦ ድምፁን ቀነስ አድርጎ።

እያለከለከ ሲገባ አክስቷ ሁለቱንም አየቻቸውና ማሽኑን አቆመች። «ምን ሆናችሁ ነው ፊታችሁ እንዲህ የጠቆረው?» አለች በእጇ ምልክት። ሚጢጢም በምልክት አስረዳቻት፤ ወይ መርፌዋ ወይ ፊደሉ፣ አንዱ መቀነስ አለበት። አክስቷ መጀመሪያ መርፌዋን አሳዩኝ አለች። ስታያት ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ቀጥላ የፊደሉን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች አየችና ጣቷን አንዱ ላይ አሳረፈች።

«ከሦስቱ ጽሑፍ ‹ጰ› ያለው የትኛው ነው?»

ሚጢጢ ጆሮዋ ድረስ ጋለች። የትኛውም ውስጥ የለም። ይህን ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ታውቀዋለች።

ሽቦ ጽሑፎቹን በጣቱ እየተከተለ ቆጠረ። «የምንጠቀመው ሃያ አንድ ፊደል ብቻ ነው እኮ። ግን…» አለና ወደ ሚጢጢ ዞረ። «ስንት ቀን ለፍተሽበታል። ቲቸርም የሚገርማቸው ሙሉው ፊደል ነው። ግድ የለም፣ መርፌዋ ትውጣ።»

አክስቷ ወደ ስፌቷ ተመለሰች።

ሚጢጢ ከ«ፖ» ጀምራ ወደ ላይ የማይጠቀሙበትን መሰረዝ ያዘች። ‹ጰ› ጋ ስትደርስ እጇ ትንሽ ዘገየ፤ ለእግሮቹ አንድ ሙሉ ከሰዓት ፈጅታባቸው ነበር። እሱም ሄደ። ሃያ አንዱ ሲቀሩ ቀዩ መስመር ጠፋ፤ እንዲያውም ከአራት ሺህ ባይት በላይ ክፍት ቦታ ተገኘ።

«ይሄን ሁሉ ቦታ ምን እናደርገዋለን?» አለ ሽቦ ፈገግ ብሎ። «ለመርፌዋ መቀስ ልዳርላት?»

ሚጢጢም ሳቀች። ወዲያው ግን ፊቷን ወደሱ አዞረች። «ሳልደውልልህ በፊት አጥፍቻት ነበር። ተበላሸች ልልህ ነበር።»

የሽቦ ፈገግታ ጠፋ። «ደግ አልሠራሽም» አለ።

«አውቃለሁ።»

ሽቦ ባዶውን ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። «ሰኞ ቲቸር የቀረው ፊደል የት ሄደ ቢሉሽስ?»

«የኛ ሥራ ሃያ አንድ ነው የፈለገው እላቸዋለሁ» አለችና ፕሮግራሙን ልትጭን የኮምፒውተሩን ገመድ ቦርዱ ላይ ሰካች።