ባዶው የዳጉ ሳጥን

በጠራራ ፀሐይ የሞተ ሰው ሲሄድ አየሁ የሚል ቢገጥማችሁ ትስቁበታላችሁ። ኑሀሚን ግን አይታለች። ያውም የምትወደውን።

ያወቀችው አዋሽ ላይ ነው። ለጸሐፊነት ተቀጥራ ወደ ሰመራ ስትወርድ አውቶቡሱ ተበላሸ። መካኒኩ አህመዲን የአፋር ልጅ ነው፤ ሥራውን አቁሞ እጁ ግሪስ እንደነካው ላፕቶፕ ላይ አቀርቅሯል።

«ምን እየሠራህ ነው?»

«ሞድ። በረሃ ውስጥ ከሞት ለመትረፍ የሚታገሉበት ጌም አለ፤ የኛን አገር እየጨመርኩበት ነው። ሦስት ሕግ አለው። ውኃ ያለቀበት ይሞታል። የሞተ አይመለስም። መንገድ ላይ የተገናኙ ዳጉ ይለዋወጣሉ።»

«ዳጉ?»

«ያየሽውን የሰማሽውን መንገር ነዋ፣ ሳትዋሺ! ጌሙ ውስጥ ሁሉም ተጫዋች ወሬውን በየራሱ የጽሑፍ ሳጥን ይጽፋል። ሳጥኑ ባዶ ለሆነ ማንም አይቆምም። በኛ አገር ዳጉ ሳይል የሚያልፍሽ ካለ፣ ሰው አይደለም፤ ሽሺው!»

«ውይ፣ አታስፈራራኝ!» አለች። ዓይን ለዓይን ተያዩ።

ዓመት ሙሉ ሞዱን አብረው ሠሩ፤ እሱ ከአዋሽ፣ እሷ ከሰመራ። በደወለ ቁጥር «ዳጉ?» ይላታል። «ምንም የለም» ትላለች። ልቧ ሞልቶ እየፈሰሰ! ሃይማኖታችን ለየቅል ነው፣ እናቴ ምን ትለኛለች እያለች አፏን ያዘች።

አንድ ቀን የተበላሸ መኪና ሊጠግን ሲሄድ የተሳፈረበት ተሳቢ ከሰርዶ በታች ተገለበጠ። አህመዲን አልተረፈም።

በአርባኛው ቀን ኑሀሚን ሁለተኛውን ሕግ ጣሰች። የምሳ ሰዓት ነው፤ ቢሮው ጭር ብሏል፤ መብራት ጠፍቶ የጣሪያው ፋን ቆሟል። የእሱን ገጸ ባሕርይ ጌሙ ውስጥ መልሳ አስነሳችው፤ የራሷንም መንገዱ ላይ አቆመች።

በሰርዶ መንገድ መጣ። አረማመዱ የራሱ ነው። ኮቴው ጠጠሩን ሲረግጥ ይሰማል። ደረሰባት፣ ቀና ብሎም ሳያያት አለፈ።

በማግስቱም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን ፊቱ ተገትራ ቆመች፤ ዞሯት ሄደ። «ሰው አይደለም፤ ሽሺው» ያለው ትዝ አላት። ላፕቶፑን ልትዘጋ እጇን ስትዘረጋ የራሷን ሳጥን አየችው። ባዶ ነው። አንድም ቀን አልጻፈችበትም።

ጻፈች፦ «እወድሃለሁ። በጠየቅኸኝ ቁጥር ፈርቼ ዋሸሁህ።»

ኮቴው ቆመ። ዞር አለ። ከሳጥኑ፣ ሳይሞት በፊት የጻፈው ወሬ ወጣ፦

«አዋሽ ላይ አውቶቡስ የተበላሸባት ልጅ አየሁ። ብልሽቱ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነበር። እንዳትሄድብኝ ብዬ እስከ አሥር ሰዓት አቆየሁት። አላህ ይቅር ይበለኝ፤ ወድጃታለሁ።»

እንባዋ እየወረደ ሳቀች። «አንተ ውሸታም!» አለችው ጮክ ብላ፣ በባዶው ቢሮ።

ከዚያ ሕጉን በገዛ እጇ መለሰችው፤ የሞተ አይመለስም። መንገዱ ላይ ማንም አልቀረም።

ዛሬም ሰመራ ናት። ከዚያ ቀን ወዲህ «ዳጉ?» ብሎ ለጠየቃት ሁሉ «ምንም የለም» ብላ አታውቅም።