ከግድግዳው ማዶ ያለው ታንክ

ቀለም ቀቢው በጋራዡ የቀለም ክፍል በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ማጅራቱን በብረት ተመቷል፤ የቀለም መርጫው ከእጁ አልወጣም። ፊት ለፊቱ ያለው የመኪና በር ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ ገና ነጭ ነው።

መርማሪዋ ስትደርስ ግቢው ውስጥ የነበሩት ባለ ጋራዡ፣ በያጁና አስከሬኑን ያገኘችው የሟቹ ሚስት ብቻ ነበሩ። ሦስቱም መተያየት ፈርተዋል።

«መብራት ጠፋ» አለ ባለ ጋራዡ፣ እጁን ሚስትየዋ ትከሻ ላይ አድርጎ። «ከዚያም በኋላ ብዙ ሲረጭ ሰምቼዋለሁ። እየረጨ ትቼው ወጣሁ። ግቢው ውስጥ የቀረው በያጁ ነው።»

«ያለ መብራት በምን ይረጫል?»

«በኮምፕረሰሩ ታንክ በቀረው አየር ነዋ! ለቀለም ትልቅ ታንክ የምንመርጠው ለዚህ አይደል? መብራት ቢጠፋም አንድ በር ያስጨርሳል።»

በያጁ መርማሪዋን ተማጸነ። «እኔ አልገደልኩትም! ልጆች አሉኝ!»

መርማሪዋ በያጁን ወደ ኮምፕረሰሩ ክፍል ወሰደችው። እዚያ ያለው ታንክ ትንሽ ነው።

«ትልቁስ?»

«ከሥሩ ዝጓል። አለቃ "ገና ይሠራል" ብሎ እምቢ ሲለን፣ ዛሬ ጠዋት ሳይመጣ እኔና ሟቹ ነቅለን የጎማ መንፊያውን ትንሽ ታንክ ገጠምን። ለቀለም አይበቃም፣ ወዲያው ያልቃል።»

«ለምን አልተናገርክም?»

«አለቃ እምቢ ያለውን ታንክ ነቀልክ ብሎ እንዳያባርረኝ ፈርቼ።»

መብራት ሲመጣ ሁሉንም ሰበሰበቻቸው። ታንኩን አስሞልታ ኮምፕረሰሩን አጠፋችና መርጫውን ተጫነች። አየሩ ጥቂት ተንፍሶ ጸጥ አለ።

ባለ ጋራዡ አመዱ ቡን አለ። «ትልቁ ታንክ የት ሄደ?»

«መለወጡን የማያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት» አለችው መርማሪዋ። «መብራት ከጠፋ በኋላ ብዙ ሊረጭ አይችልም። የነገሩኝ ዛሬ የሰሙትን ሳይሆን ሁልጊዜ የሚሰሙትን ነው። ሰውየው የሞተው መርጫውን እንደያዘ፣ በሩን ሳይጨርስ፣ ኮምፕረሰሩ ገና እየጮኸ ነው። መብራቱ ሲጠፋ በያጁ ላይ የሚያላክኩበት ሰበብ አገኙ።»

«ምን አደረገኝና እገድለዋለሁ?»

ሚስትየዋ ትከሻዋን ከእጁ አሸሸች። «ያ መኪና ያንተ ነው» አለች። ሌላ ጊዜ «ጋሼ» ነበር የምትለው። «ሰው ገጭተህበት ቀለሙን እያስለወጥክ መሆኑን ባሌ ደርሶበታል። ትናንት "ራሱ እጁን ይስጥ ብዬ እለምነዋለሁ" አለኝ። እኔ ፈርቼ ተው አልኩት።»

ሚስትየዋ ወደ ግድግዳው ጠቆመች።

«ትልቁን ታንክስ ለምን እንደነቀለው ታውቃለህ? ቢሮህ ከግድግዳው ማዶ ነው። "ቢፈነዳ መጀመሪያ የሚያገኘው አለቃን ነው" ብሎ ነው።»