የጠቆረው መዳብ

ዱጉማን ከማቅለጫ ቤቱ ጎትተው ሲያወጡት ነፍሱ ወጥታ ነበር። ደሳለች ነጠላዋን አውልቃ ፊቱን ሸፈነችለት፤ ከዚያ ወዲያ ምን ማድረግ እንዳለባት ስላላወቀች አጠገቡ መሬት ላይ ቁጭ አለች። በተሰበረው በር የሚወጣው ጭስ እንደ ዱቄት ነጭ ነበር።

ዘመኑ አሥራ ዘጠኝ መቶ ሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ቦታው ጉለሌ፣ ከእንጦጦ ግርጌ ያለ የመንግሥት የውዳቂ ብረት ግቢ ነው። ያረጁ መኪኖችና የፋብሪካ ስብርባሪዎች እዚህ ይራገፋሉ፤ ብረቱ ከነሐሱ፣ አሉሚኒየሙ ከመዳቡ ይለያል። አሉሚኒየሙን የምትለየው ደሳለች ነበረች፤ የሽሮ ሜዳው ሸማኔ የሾዴ ልጅ። እሷ የለየችውን እያቀለጠ የሚያፈሰው ደግሞ ዱጉማ ነበር።

ከፖሊስ ቀድሞ የደረሰው የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ጌቱ ነው። ታጣቂዎቹን በሩ ላይ አቁሞ ሰንሰለቱን አስቆለፈ።

«ከዚህ ማንም አይወጣም» አለ። «ይህ አደጋ አይደለም፤ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው።»

የግቢው አጥር ከተዘረጋ የበርሜል ቆርቆሮ የተሠራ፣ ከሰው ቁመት በላይ የሚሄድ ነበር። ደሳለች ለዓመታት ስትሠራ ከፍታውን ልብ ብላው አታውቅም። አሁን ቀና ብላ በዓይኗ ለካችው።

ያን ጠዋት ከሟቹ ሌላ አራት ሰዎች ግቢው ውስጥ ነበሩ፦ እሷ፣ ሞተር በመዶሻ የሚሰብረው አምኃ፣ የበሩ ዘበኛ ዓለሜ፣ የግቢው ኃላፊ ጓድ የሺጥላ። የሺጥላ ከማቅለጫው ምድጃ ሥር ግማሹ የተቃጠለ ስባሪ አውጥቶ ለጌቱ ሰጠው።

«የቮልስዋገን ሞተር ነው» አለ በሐዘን ድምፅ። «መልኩ አሉሚኒየም ይመስላል፤ ግን ማግኒዚየም ነው። አንዴ እሳት ከያዘው አይመለስም። ለዚህ ነው ለብቻው እንዲከመር ያዘዝነው። የዛሬው አሉሚኒየም የማን ልየታ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።»

ሁሉም ወደ ደሳለች ዞሩ።

«እኔ አልቀላቀልኩም!» አለች። «በእጄ ሳነሣው በክብደቱ አውቀዋለሁ። እንዴት ብዬ…»

«በስህተት ነው ወይስ ሆን ብለሽ፣ እሱን ቀበሌ ትናገሪያለሽ» አለ ጌቱ። ቀበሌ የገቡ ሰዎች እንዴት እንደሚናገሩ ደሳለች ታውቃለች። ሁሉም ያውቃል።

ሻምበል ስብሐት የደረሰው ሊወስዷት ላንድሮቨሩን ሲያስነሡ ነው። ቀጭን፣ ትከሻው የጎበጠ፣ ካፖርቱ የሰፋው ሰው ነበር። መርማሪ ከመሆኑ በፊት በፖሊስ ጋራዥ ስለሠራ ዕቃን ሳይዳስስ ስለ ዕቃው አይጠይቅም። ጌቱ የሚለውን ሁሉ ሰማና «ጥሩ። እኔም ልየው» አለ ብቻ።

«ፀሐይ እስክትጠልቅ ነው፣ ጓድ ሻምበል። ከዚያ ሴትዮዋን እኔ እወስዳታለሁ።»

አራቱን ሚዛኑ ካለበት ዳስ ሥር አስቀመጧቸው። ስብሐት አንድ በአንድ ሲጠይቅ ሌሎቹም ይሰሙ ነበር፤ እንዲሰሙ የፈለገም ይመስላል።

«አምኃ፣ በሩን የሰበርከው አንተ ነህ?»

«አዎ ጌታዬ። ጋሽ ዱጉማ ሲጮህ መዶሻዬን እንደያዝኩ ሮጥኩ። መጀመሪያ ጭስ፣ ቀጥሎ እንደ ቦምብ ያለ ድምፅ። ጓድ የሺጥላ ቀድመውኝ ደርሰው መቀርቀሪያውን ይታገሉ ነበር። ‹ተጣብቋል፣ ቆይ› አሉኝ። ምን እቆያለሁ! ማጠፊያውን መትቼ ገነጠልኩት።»

«ዓለሜ፣ ሠራተኛ ትፈትሻለህ?»

«ሲገባም ሲወጣም። በተለይ መዳብ እንዳይወጣ። መዳብማ ከመኪና ላይ ሲወርድ ጀምሮ ጓድ የሺጥላ ራሳቸው ቆመው መጋዘን ያስገቡታል፤ ሽቦውም እዚያው ተልጦ ይቆለፍበታል።»

«እስቲ ውኃ ስጠኝ፣ ጠማኝ።»

ዓለሜ ተሳቀቀ። «ቧንቧው ከሄደ ሰነበተ፣ ጌታዬ። ጓድ የሺጥላ ቢሮ ጀሪካን አለ፤ እኛም ከሳቸው እየለመንን ነው የምንጠጣው።»

«ተወው እንግዲያ» አለ ስብሐት። ከዚያ ወደ የሺጥላ ዞረ። «እርስዎስ፣ ከሟቹ ጋር እንዴት ነበሩ?»

«እንደ ወንድም። ጠዋት ሳልጨብጠው ሥራ አልጀምርም።»

«ቤተሰብ አለው?»

«ሚስት አለችው። ሴት ልጅም ነበረችው ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እኔ አላውቃትም።»

ደሳለች እጆቿን ጉልበቷ ላይ ጨብጣ መሬት መሬት አየች። እሌኒ ዱጉማ የልብ ጓደኛዋ ነበረች። በቀይ ሽብር ጊዜ ከቤት ወስደዋት አልተመለሰችም፤ እናቷ እንዳታለቅስ እንኳ በራቸው ላይ ጠባቂ ቆሞ ነበር። ልክ ትናንት ደግሞ ዱጉማ አሉሚኒየም ሊረከባት መጥቶ ጎንበስ ብሎ «ልጄን ያስበላትን ሰው አገኘሁት» ብሏት ነበር። «አብሯት የታሰረ ሰው ተፈቶ ነገረኝ። በየቀኑ እጄን ይጨብጠኛል፣ ደሳለች! ነገ በሠራተኛው ስብሰባ ላይ ቆሜ እናገረዋለሁ።» ከንዴቱ የተነሣ ድምፁ እስከ መጋዘኑ ይሰማ ነበር፤ ስም ግን አልጠራላትም፤ እሷም ፈርታ አልጠየቀችውም። ይህንን ብትናገር የሚከተለው ጥያቄ «አንቺ እሌኒን በምን አወቅሻት?» ነው። መልሱ ሊያስገድላት ይችላል።

«ደሳለች፣ ነይ አሳዪኝ» አለ ስብሐት።

ማቅለጫ ቤቱ ገና ይሞቃል። ስብሐት ስባሪውን በሞረድ ፋቅ አድርጎ ከካፖርቱ ኪስ ሎሚ አወጣና ጨመቀበት። አረፋ ደፈቀ። አንድ የአሉሚኒየም ክዳን ፍቆም ጨመቀበት፤ ምንም አልሆነ።

«የሺጥላ እውነቱን ነው። ማግኒዚየም ነው። ክምሩ የት ነው?»

«ከአጥሩ ጥግ። ማንም ሊያነሣው ይችላል።»

«እሳቱ ሲነሣ ዱጉማ ምን ያደርጋል?»

«አሸዋ ነው የሚደፋበት። ውኃ ከነካው ይፈነዳል። ጋሽ ዱጉማ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ እኔንም ያስተማረኝ እሱ ነው።»

አካፋው ከአሸዋው በርሜል ሥር ወድቋል። አሸዋው ከመሐሉ ተዝቋል። ስብሐት ከጠርዙ ዘግኖ በተናት፤ ደረቅ ነበር። እጁን እስከ ክርኑ ሰደደ። ሲያወጣው ጣቶቹ ላይ ጭቃ ነበር። ወደ ወደቀው በር ሄዶ አጎነበሰ። መቀርቀሪያው ላይ ጥቀርሻ የጠጣ ሽቦ እንደተጠመዘዘ ነበር።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የሚታሰርበት ሽቦ… ብረት መሰለኝ። ግቢው ሙሉ ሽቦ ነው።»

«ሁልጊዜ እንዲህ ከውጭ ይታሰራል?»

«በጭራሽ!» አለች፤ ከዚያ የተናገረችው ገባትና እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሰውየው እየተቃጠለ በሩን ሲገፋ ታያት።

ስብሐት ከአንገቷ የተንጠለጠለውን የመለያ ማግኔት ተውሶ ሽቦው ላይ አስጠጋ። ማግኔቱ ተንሸራትቶ ወደቀ። ስብሐት ሽቦውን ፈትቶ ኪሱ ከተተው።

«የምትደብቂኝ ነገር አለ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «አላስገድድሽም። ግን እኔ የሌለኝ እሱ ብቻ ነው።»

እሷ የወደቀውን ማግኔት አንሥታ አንገቷ ላይ መለሰች።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ሁሉንም ሚዛኑ ዙሪያ ሰበሰባቸው። ጌቱ ሰዓቱን እያየ ቆመ።

«በአጭሩ ልናገር» አለ ስብሐት። «ማግኒዚየሙ ብቻ ቢሆን ኖሮ የልየታ ስህተት ነው እንል ነበር። ገዳዩም እንዲባል የፈለገው ይህንኑ ነው። ነገር ግን በሩ ከውጭ ታስሯል። ስህተት በር አያስርም።»

አምኃ «እግዚኦ!» አለ።

«ቀጥሎ አሸዋው። ዱጉማ ዕውቀት ያለው ሰው ነው፤ እሳቱን ሲያይ ወደ አሸዋው ሮጠ፣ ዝቆ ደፋበት። ከላይ ያለው ደረቅ ነው፤ ከሥር ያለው በውኃ ርሷል። የዳነ ሲመስለው ፈነዳበት። በዚህ ግቢ ቧንቧው ደርቋል። ውኃ ያለው አንድ ቤት ብቻ ነው።»

«ውኃ ለሁሉም ሰጥቻለሁ!» አለ የሺጥላ።

«በኩባያ። በርሜል አሸዋ በኩባያ አይርስም። ግድ የለም፣ ይህንን ለጊዜው እንተወው።» ሽቦውን አውጥቶ አምኃ መዳፍ ላይ አኖረ። «ይህ ምንድን ነው?»

«ብረት ነዋ።»

ስብሐት በሞረድ አንድ ጊዜ ፋቀው። ከጥቀርሻው ሥር ቀይ ብልጭ አለ።

«መዳብ!» አለ ዓለሜ ሳያስበው።

«መዳብ። እግራችሁ ሥር ያለው የብረት ሽቦ ዝጓል፤ ሲጠመዝዙት ይሰበራል፣ ይንጫጫል። ደግሞም ሰው እያየ ጎንበስ ብሎ ማንሣት ያስፈልጋል። መዳብ ግን ለስላሳ ነው፤ በእጅ፣ ያለ ድምፅ ይታሰራል። ገዳዩ ኪሱ ውስጥ አዘጋጅቶት መጣ። መዳብ ያለው መጋዘን ነው፤ ቁልፉ ያለው አንድ ሰው ጋ ነው። ያ ሰው ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ በሩ ጋ ደረሰ፤ ሊከፍት ሳይሆን ሽቦውን ሊፈታ። የአምኃ መዶሻ ቀደመው።»

የሺጥላ ሳቀ። «ጓድ ጌቱ፣ የፓርቲ እጩ አባል የሆነ ሰው አንድ ቀላጭ የሚገድለው ለምንድን ነው? ይጠየቅልኝ!»

«ምክንያቱን አላውቅም» አለ ስብሐት፤ ዓይኑ ግን ደሳለች ላይ ነበር።

ጌቱ አገጩን አሸ። «ምክንያት የሌለው ነገር አይቆምም፣ ሻምበል። ሴትዮዋን አንሷት።»

ታጣቂው ክንዷን ያዛት። ከአጥሩ ማዶ እንጨት የተሸከሙ ሴቶች እያወሩ ሲወርዱ ይሰማታል፤ በቆርቆሮ ተለይተው እንጂ ቅርብ ነበሩ። ብትናገርም ያው ነው፣ ባትናገርም ያው ነው። እንግዲያ ልናገር አለች።

«ምክንያት አለ» አለች። «እሌኒ… የጋሽ ዱጉማ ልጅ ጓደኛዬ ነበረች። ያስያዛትን ሰው አግኝቶት ነበር። ዛሬ በሠራተኛው ስብሰባ ላይ ሊናገረው ነበር። ‹በየቀኑ እጄን ይጨብጠኛል› ነው ያለኝ።»

«ሰማችሁ?» ብሎ ጮኸ የሺጥላ፤ ፊቱ ደም መሰለ። «ከጸረ ሕዝብ ጋር ጓደኛ ነበርኩ ብላ በአፏ አመነች! ጓደኛ ብቻ መስሏችኋል? በአባቷ በሾዴ ሸማ ቤት፣ ከድሩ ኋላ ተቀምጠው የተከለከለውን ወረቀት ሲያነቡ የነበሩት ሁለቱ ናቸው!»

ታጣቂዎቹ ወደ የሺጥላ ዞሩ።

ደሳለች ቀስ ብላ ቀና አለች። ያንን ቦታ የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ እሷ፣ እሌኒ፣ እና ወረቀቱን ለእሌኒ ያቀብል የነበረው፣ እሌኒም ስሙን ሳትነግራት የቀረችው ሰው።

«እሌኒን አላውቃትም ብለህ ነበር» አለ ስብሐት። አንቱታው ቀርቷል። «አሁን ግን የት ትቀመጥ እንደነበር ታውቃለህ። ወረቀቱን ማን ይሰጣት ነበር፣ የሺጥላ? ራስህን ለማዳን ማንን አሳልፈህ ሰጠህ?»

የሺጥላ ወደ ጌቱ ዞረ፤ ጌቱ ግን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ነበር። ታጣቂው የደሳለችን ክንድ ለቀቀ። የሺጥላ ወደ በሩ ተመለከተ፤ ሰንሰለቱ እንደተቆለፈ ነበር። እጆቹን ራሱ ዘረጋ።

«ሴትዮዋስ?» አለ ጌቱ።

«ምስክሬ ናት። ስሟ በእኔ መዝገብ ገብቷል። ብትጠፋ የምጠይቀው አንተን ነው፣ ጓድ ጌቱ።»

ሰንሰለቱ ተፈታ። ደሳለች ወደ ሽሮ ሜዳ አልወጣችም፤ በቀጥታ ወደ ዱጉማ ቤት ሄደች። ሚስቱ ወይዘሮ ሠርካዲስ መርዶውን ሰምታ በጎረቤት ተከባ ተቀምጣለች፤ ዓይኗ ግን ደረቅ ነበር። ደሳለች ጆሮዋ ላይ ጎንበስ ብላ ሁሉንም ነገረቻት፤ የሰውየውን ስምም ነገረቻት።

ሴትየዋ ብድግ አለች። ከዚያ ደረቷን መታችና ጮኸች። የጠራችው ግን የባሏን ስም አልነበረም።

«እሌኒዬ! እሌኒ፣ ልጄ!»

ለቀስተኛው እርስ በርሱ ተያየ። አንዲት ሴት ዝም ልታሰኛት እጇን ዘረጋች፤ መልሳ ሰበሰበችው። ከዚያ እሷም፣ ደሳለችም፣ ቤቱም በሙሉ አብረው አለቀሱ።