በእናቱ ቀኝ በኩል

ይህንን ስነግራችሁ "ሀያትም ጀመራት" እንደምትሉ አውቃለሁ፣ እውነቴን ነው፣ በእናንተ ቦታ ብሆን እኔም ያንኑ ነበር የምለው። ቡራዩ ፎቶ ቤት ከከፈትኩ ጀምሮ ስንቱ ሰው ስልኩን ይዞ መጥቶብኛል መሰላችሁ፣ "እስቲ እይልኝ፣ እዚህ ጋ ጥላ የሚመስለው ምንድን ነው?" እያለ፣ እኔም አንድ በአንድ ሳስረዳ ነው የኖርኩት፣ ይሄ ሌንሱ ላይ ያረፈ አቧራ ነው፣ ይሄ ፍላሹ መስታወት ላይ ነጥሮ ነው፣ ይሄ ደግሞ ሰውየው ስለተንቀሳቀሰ ነው እያልኩ። አንዲት ሴትዮማ ሟች ባለቤቴ ታየኝ ብላ ያመጣችውን ፎቶ መጋረጃ መሆኑን ሳሳያት ተቀይማኝ ሄዳለች። እንዲህ ዓይነት ሰው ነበርኩ እንግዲህ።

ነገሩ የሆነው አዲሱን ካሜራ በገዛሁ ሰሞን ነው። የድሮው ካሜራዬ ብዙ ሠርግ፣ ብዙ ምርቃት አይቶ አርጅቶ ነበር፣ መያዣው ላይ ያለው ጎማ ተላቆ በሱፐር ግሉ ለጥፌዋለሁ፣ የቁልፎቹ ጽሑፍ በጣቴ ብዛት ጠፍቷል፣ ትንሽ መሸት ሲል ደግሞ ፎቶው ላይ ጤፍ የተበተነ ነው የሚመስለው። አዲሱን ከካርቶኑ ሳወጣው መጀመሪያ ያስገረመኝ ድምፁ ነው፣ የድሮው ባነሳ ቁጥር በር እንደሚዘጋ ሰው ነበር፣ ይሄኛው ግን ምራቁን ዋጥ እንደሚያደርግ ሰው፣ ቀስ ብሎ ነው። መብራት በጠፋበት አመሻሽ አባቴን ሱቁ ውስጥ፣ ከስኳርና ከፓስታው መሃል ቁጭ እንዳለ አነሳሁት፣ የጢሙ ፀጉር አንድ በአንድ ታየ። አባቴ አየት አደረገና "አሁንስ እርጅናዬን አወጣሽው" አለኝ።

ከሁሉ የወደድኩት ግን ፊት መፈለጉን ነው። በኋላ በኩል ያለውን ስክሪን እያያችሁ ስታነሱ፣ ካሜራው የሰው ፊት ሲያገኝ በትንሽ ሳጥን ከበብ ያደርገዋል፣ ቁልፉን ገፋ ስታደርጉት ፎከሱን እዚያ ላይ ይጥልና ጢጥ ይላል፣ ሰውየው ቢንቀሳቀስ ሳጥኑ አብሮት ይሄዳል። እርግጥ ይሳሳታል፣ ይህንን አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ በኋላ ደበቀችን እንዳትሉኝ፣ ጎረቤቴ ያለው ፀጉር ቤት ግድግዳው ላይ ያሳለውን ሰውዬ ፊት ነው ብሎ ከቦታል፣ አባቴ ሱቅ ደግሞ የብስኩት ካርቶን ላይ ያለውን ሕፃን። ስለዚህ ስህተቱን አውቀዋለሁ።

ለሊሴ የመጣችው በዚያው ሰሞን ነው። ከዚያ በፊት አላውቃትም፣ የገፈርሳ ልጅ ነኝ አለችኝ፣ ልታገባ ነው፣ ከቤት ከመውጣቷ በፊት ከቤተሰቧ ጋር አንድ ጥሩ ፎቶ ትፈልጋለች። "ግን ስቱዲዮ አይሆንም፣ ቤት ብትመጪልኝ ነው፣ እናቴ ከግቢ መውጣት አትወድም" አለች። አሟቸው ይሆናል ብዬ አልጠየቅኳትም።

የሠርጉ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ታናሽ ወንድሟ ቶሌራ በባጃጁ መጥቶ ወሰደኝ። ግቢያቸው ባሕር ዛፍ ተገን ያደረገ ነው፣ ከጀርባ በዛፎቹ መሃል የገፈርሳ ውሃ ብልጭ ይላል፣ ጥቅምት ስለነበር ሣሩ ገና አልደረቀም፣ ቁርጭምጭሚት ድረስ ይደርሳል። አባትየው ኦቦ ደቻሳ ባርኔጣቸውን አንስተው "አካም ጅርታ" ብለው ተቀበሉኝ፣ ቡራዩ ተወልጄ ኦሮምኛ ካልቻልኩማ ምን ልሆን ነው፣ እኔም በዚያው መለስኩላቸው፣ የዚያን ቀን ወሬያችን ሁሉ ከዚህም ከዚያም የተቀላቀለ ነበር፣ ለእናንተ በአማርኛ ልንገራችሁ። እናትየው አዴ ጫልቱ ዝምተኛ ናቸው፣ አዲስ ቀሚስ ለብሰዋል፣ ግን ዓይናቸው እኔ ላይ ብዙም አልቆየም፣ ከኋላዬ ያለውን የግቢውን በር ነው የሚያዩት።

ዛፎቹን ከጀርባቸው አድርጌ ሣሩ ላይ አቆምኳቸው፣ በስተቀኜ ዳር ኦቦ ደቻሳ፣ አጠገባቸው አዴ ጫልቱ፣ ቀጥሎ ቶሌራ፣ በግራዬ ዳር ሙሽራዋ። ካሜራውን ትሪፖድ ላይ አስቀምጬ ስክሪኑን ሳይ በእናትየውና በቶሌራ መሃል ክፍተት አለ።

"ቶሌራ፣ ወደ እናትህ ጠጋ በል እስቲ" አልኩት።

"ወዴት ልጠጋ? ቦታ የለም እኮ።"

ሲቀልድ መስሎኝ ነበር። "መሃላችሁ ሌላ ሰው ይቆማል" ስለው ወደ ጎኑ አየ፣ አፈረ፣ ጠጋ አለ። ቀና ብዬ አይቼ፣ ጥሩ ነው ብዬ፣ ወደ ስክሪኑ ስመለስ ክፍተቱ ያው ነው። መቼ እንደተመለሰ አላየሁትም፣ እሱም መመለሱን ያወቀ አይመስለኝም። ደግሜ አስጠጋሁት፣ ደግሞ ተመለሰ፣ ሦስተኛ ጊዜ ራሴ ሄጄ ትከሻውን ይዤ አስጠጋሁት፣ ስመለስ ያው። ደግሞ ሰው በተጨናነቀ ታክሲ ውስጥ ትከሻውን ሰብሰብ እንደሚያደርገው ነበር የቆመው። ከዚያ የአዴ ጫልቱን ቀኝ እጅ አየሁ፣ ክርናቸው ወጣ ብሎ ክንዳቸው ታጥፏል፣ ሰው ክንድ ለክንድ ሲያያዝ እንደሚሆነው።

ሳጥኖቹ መጡ። አንድ ኦቦ ደቻሳ ፊት ላይ፣ አንድ አዴ ጫልቱ ላይ፣ አንድ ቶሌራ፣ አንድ ለሊሴ፣ አንድ ደግሞ ክፍተቱ ላይ፣ ከቶሌራ ራስ ትንሽ ከፍ ብሎ።

የባሕር ዛፍ ቅርፊት ነው አልኩ፣ ማንም ፎቶ አንሺ የሚለውን ነው ያልኩት። ሌንሱን ወለወልኩ፣ ባትሪውን አውጥቼ መለስኩ፣ እሱም አልሆነልኝ፣ "ብርሃኑ አልተመቸኝም" ብዬ ሁሉንም ወደ ቤቱ ግድግዳ ወሰድኳቸው። ግድግዳው ነጭ ነው፣ ምንም የለበትም፣ ሚስማር እንኳ የለበትም። እንደገና አቆምኳቸው፣ እንደገና ያንኑ ክፍተት ትተው ቆሙ፣ አምስተኛው ሳጥን እዚያው ቁመት ላይ መጣ። ቁልፉን ገፋ አደረግኩት፣ ጢጥ አለ። ቶሌራ ለእህቱ የሆነ ነገር በጆሮዋ ብሏት ለሊሴ ሳቀች፣ እመኑኝ ይህንን አልጨመርኩበትም፣ ሳጥኑ ከቦታው ተነስቶ ወደ ፊት ወደ እሷ ዘንበል አለ፣ ምን ተባለ ብሎ አንገቱን እንደሚያስግግ ሰው፣ ከዚያ ተመለሰ።

ቁልፉን ሳልጫን መቆሜን ያዩት እናትየው ናቸው። "ምን ሆነሽ ነው ልጄ፣ ፊትሽ ተለወጠ" ብለው ከሰልፉ ወጥተው ወደ እኔ መጡ። ስክሪኑን ማጥፋት ነበረብኝ፣ አላሰብኩትም። አጠገቤ ቆመው ጎንበስ ብለው አዩ። ባላቸው ላይ ሳጥን፣ ልጆቻቸው ላይ ሳጥን፣ ክፍተቱ ላይም ሳጥን።

"ይሄ የሚከበው ምኑን ነው?" አሉኝ።

"ፊት ነው። የሰው ፊት ሲያገኝ ነው እንዲህ የሚያደርገው።"

ጣታቸውን ወደ ክፍተቱ ዘረጉ፣ ስክሪኑን ግን አልነኩትም። ከዚያ ጮክ ሳይሉ፣ ውሃ ስጡኝ እንደሚል ሰው፣ "ገመቹ መጥቷል" አሉ።

ኦቦ ደቻሳ ሰሙ። ባርኔጣቸውን አወለቁና ግድግዳውን ተደግፈው ቀስ ብለው ሣሩ ላይ ተቀመጡ። ለሊሴ ወደ እኔ መጥታ በሹክሹክታ ነገረችኝ፣ ገመቹ የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነው፣ በባሕር ወደ ዓረብ አገር ተሻግሮ ሊሠራ ወጥቶ ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም፣ አብረውት የወጡት አንዳንዶቹ ደውለዋል፣ እሱ አልደወለም። ዘመድ አዝማዱ ተሰብስቦ ይብቃ፣ ለቅሶው ይለቀስ ብሏል፣ አባትየው እሺ ብለዋል፣ እናትየው ያልሞተ ሰው አይለቀስም ብለው እምቢ እንዳሉ ኖረው በመጨረሻ የልጅቷ ሠርግ ይለፍ ተብሎ፣ ከሠርጉ በኋላ በሚመጣው ቅዳሜ ለቅሶ እንዲቀመጡ ተወስኖ ነበር።

"እንዲህ ከመጣ አልቆለታል ማለት ነው" አሉ ኦቦ ደቻሳ ከተቀመጡበት። "በሕይወት ያለ ሰው በእግሩ ነው የሚመጣው።"

"የሞተማ ለምን ይመጣል" አሉ አዴ ጫልቱ። "የእህቱ ሠርግ መሆኑን የት ሰማ? በሕይወት ስላለ አይደለም የሰማው?"

"ተይ አንቺ ሴት።"

"አልተውም። ስድስት ወር አርግዤ ባሕር ዛፍ ስሸከም አብሮኝ የነበረ ልጅ ነው፣ እኔ አውቀዋለሁ።"

እኔ ልናገር ፈለግኩ፣ ካሜራው ይሳሳታል፣ የፀጉር ቤቱን ሥዕልም እንዲሁ አድርጎታል፣ የብስኩት ካርቶንም፣ ልላቸው። ግን ከነጭ ግድግዳ ፊት ቆሜ ይህንን በምን አፌ ልበል? ቶሌራ እዚያው ቆሟል፣ ከቦታው ንቅንቅ አላለም፣ ቀኝ ትከሻው ደንዝዞበት እንደሆነ እንጃ በሌላው እጁ ያሸዋል። ወይም ግራውን ነበር፣ እሱን እንኳ በደንብ አላስታውስም።

ለሊሴ ዓይኗን ጠረገችና "አንሺን፣ እንዳለን አንሺን" አለችኝ።

እናትየው ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ኦቦ ደቻሳ ግን ሲነሱ ወደ ነበሩበት ዳር አልሄዱም፣ ዞረው በክፍተቱ በሌላኛው በኩል፣ በቶሌራ ጎን ቆሙና ክፍተቱን ከሚስታቸው ጋር ለሁለት ያዙት፣ እጃቸውንም ከፍ አድርገው አየር ላይ አቆዩት፣ ልክ ከእሳቸው የሚረዝም ልጅ ትከሻ ላይ እንደሚያሳርፉ። ማንም አላዘዛቸውም። አነሳሁ። ካሜራው ያንን ዝግ ያለ ድምፁን አሰማ፣ ደገምኩ፣ ሰለስኩ፣ ከዚያ ፀሐይዋ ከዛፎቹ ጀርባ ገባችና ስክሪኑን ሳየው ሳጥኖቹ አራት ናቸው።

ፎቶ ቤት ገብቼ ኮምፒውተሩ ላይ ስከፍተው ምንም የለም። የሚታይ ሰው የለም፣ ጥላ የለም፣ ጉም የለም፣ ነጭ ግድግዳ ብቻ። ልቤ መለስ አለ። ከዚያ አጉልቼ ወደ ታች ስወርድ፣ ግድግዳው ሥር ያለው ሣር ለምለም ሆኖ ቆሟል፣ ክፍተቱ ውስጥ ግን የሁለት እግር ያህል ቦታ ላይ ተኝቷል። ከእነሱ አንዱ ረግጦት ይሆናል፣ ሊሆን ይችላል፣ ቅድም ቶሌራን ሳስጠጋው ይሆናል ልል ነበር፣ እሱን ያስጠጋሁት ግን ከዛፎቹ ጋ እንጂ ግድግዳው ጋ አልነበረም። ካሜራውን አዲስ አበባ የሚጠግንልኝ ወዳጄ ዘንድ ወሰድኩት፣ ቀኑን ሙሉ ፈትሾ "ምንም የለውም፣ አዲስ ነው እኮ" አለኝ። ፎቶውን አሳየሁት፣ አጉልቶ አየና ሻይ እንጠጣ አለኝ።

ፎቶውን አትሜ የወሰድኩላቸው ለቅሶ ሊቀመጡበት የነበረው ቅዳሜ ካለፈ በኋላ ነው። ድንኳን አልተጣለም፣ እናትየው ጨርሰው እምቢ ብለዋል። ኦቦ ደቻሳ በር ላይ ተቀምጠው ሳገኛቸው ግን ጢማቸውን አልተላጩም፣ ጥቁር ኮት ለብሰዋል፣ ብቻቸውን ሐዘን ተቀምጠዋል። አንድ ቤት ውስጥ አንዱ ያለቅሳል፣ አንዷ ትጠብቃለች፣ የሁለቱም ማስረጃ ያው አንድ ፎቶ ነው። ያንን ባየሁ ጊዜ ምነው ያንን ስክሪን ባልከፈትኩት ብዬ ነበር። ኦቦ ደቻሳ ግን አልተቀየሙኝም፣ ፎቶውን ተቀብለው ረጅም ጊዜ አይተው "አልጋዬ ፊት ለፊት ነው የምሰቅለው" አሉኝ።

አዴ ጫልቱ እስከ በሩ ሸኙኝ። ቶሌራ ባጃጁን አስነስቶ እየጠበቀኝ ነው። እጄን ያዙኝና አልለቅ አሉ።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ ልጄ፣ እንዳትዋሺኝ።"

"ይጠይቁኝ።"

"ያን ዕለት ስታነሺው፣ ስቆ ነበር?"

ሳላስበው "አዎ" አልኳቸው፣ "ስቆ ነበር።" ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ጉንጬን ሳሙኝ፣ ገቡ።

ባጃጁ ውስጥ ተቀምጬ ቡራዩ እስክንደርስ ያስጨነቀኝ እኒያን እናት መዋሸቴ ቢሆን ኖሮ ምንኛ በወደድኩ። የገመቹን ፎቶ አንድም ቀን አላየሁም፣ ቤታቸውም የተሰቀለ የለም፣ መልኩንም የነገረኝ ሰው የለም። ግን "አዎ" ስል ዓይኔ ላይ የመጣው አንድ ረጅም ልጅ ነበር፣ ሲስቅ የላይኛው ጥርሱ ላይ ሌላ ጥርስ ተደርቦ ይታያል። ፊት ለፊቴ የቶሌራ ጀርባ ነው፣ "ወንድምህ ተደራቢ ጥርስ ነበረው እንዴ?" ብዬ ልጠይቀው አፌን ከፈትኩ፣ መልሼ ዘጋሁት። አሁንም በፎቶ ቤቴ በር ሲያልፍ ጡሩምባ ነፍቶ ሰላም ይለኛል፣ እኔም እጄን አነሳለታለሁ። አልጠየቅኩትም።