ማካሮኒ ለእማዬ

በደሴ ከተማ፣ ጉሙ ከተራራው ወርዶ ደጃፍ ላይ በሚቀመጥበት በክረምት ወራት፣ ሰአዳ የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች።

ሰአዳ አባት አላት። ይመር ይባላል፤ ባጃጅ ይነዳል።

እናት አላት። ዘይነባ ትባላለች፤ ስትስቅ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

ወንድምም ነበራት። ስሙ አንዋር ነበር።

አንዋር በጣም፣ በጣም ትንሽ ነበር። ጣቶቹ እንደ ክብሪት እንጨት ቀጫጭን ነበሩ። ቀን ይተኛል፤ ሌሊት ያለቅሳል። እንጋ! እንጋ! እንጋ!

ዐሥራ ሁለት ቀን እቤት ቆየ። በዐሥራ ሦስተኛው ቀን ትንፋሹ ህር... ህር... ማለት ጀመረ።

እማዬ በጋቢ ጠቀለለችው። አባዬ ባጃጁን አስነሳ። ድ-ድ-ድ-ድ! ሐኪም ቤት ወሰዱት።

ሰአዳ ከጎረቤታቸው ከእትዬ ጦይባ ጋር ቀረች። መስኮቱ ጋ ቆማ ጠበቀች፣ ጠበቀች፣ ጠበቀች።

አባዬና እማዬ ተመልሰው ሲመጡ፣ ጋቢው ባዶ ነበር።

«አንዋርስ?» አለች ሰአዳ።

አባዬ ተንበርክኮ ሁለቱንም እጆቿን ያዘ። «አንዋር ሞተ፣ የኔ ልጅ። ሐኪሞቹ ብዙ ሞከሩ። ትንሿ ሳንባው ግን ታማ ነበር፤ መተንፈስ አቃታት።»

«መቼ ይመጣል?»

«አይመጣም» አለ አባዬ።

ዝናቡ ቆርቆሮውን መታው። ጠጠጠጠጠ!

በማግስቱ ቤቱ በሰው ሞላ። ሰዎቹ አለቀሱ፤ ምግብ ይዘው መጡ፤ የሰአዳን ራስ ዳበሱ።

ቀናት አለፉ። ሰዎቹም አንድ በአንድ ወደየቤታቸው ሄዱ። ቤቱ ጭር አለ።

እማዬ አልጋዋ ላይ ተኛች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሰአዳ ዳቦ ይዛላት ሄደች። «እማዬ፣ ተነሽ። ብይ።»

እማዬ ግን አልተነሳችም።

ሰአዳ ሻይ ይዛላት ሄደች። ቀስ... ቀስ... እንዳይደፋ። «እማዬ፣ ተነሽ። ጠጪ።»

እማዬ ግን አልተነሳችም።

ሰአዳ በአንድ እግሯ ዘለለች። እንጣጥ! እንጣጥ! «እማዬ፣ ተነሽ። እይኝ!»

እማዬ ግን አልተነሳችም።

ሰአዳ ለማንም ያልነገረችው አንድ ነገር ነበራት። ለአባዬም አልነገረችውም። ሆዷ ውስጥ ደብቃዋለች፤ እንደ ድንጋይ ይከብዳታል።

አንድ ቀን ጠዋት ሰአዳ አባቷን ጠየቀችው። «አባዬ፣ እማዬ ከምግብ ሁሉ የምትወደው ምንድነው?»

አባዬ አሰበ። «ማካሮኒ» አለ። «ሥጋውም፣ ካሮቱም፣ ቲማቲሙም፣ ሁሉም በአንድ ድስት ተሠርቶ።»

«እንሥራላት! ማካሮኒ ከበላች ትነሳለች።»

አባዬ ጭንቅላቱን አከከ። «እኔ እኮ ሻይ እንኳ ሳፈላ ይገነፍልብኛል።»

«እኔ አግዝሃለሁ» አለች ሰአዳ።

እማዬ አንድ ትልቅ የኤሌክትሪክ ድስት አላት። ሆዱ ክብ ነው፤ ጆሮዎቹ ሁለት ናቸው። ወጥ የሚያበስለው በጣም ቀስ ብሎ ነው፤ ጠዋት ተጥዶ ማታ ይደርሳል።

አባዬ ድስቱን ከመደርደሪያው አወረደ። ሰአዳ አቧራውን ጠረገች።

አባዬ ሽንኩርት ከተፈ። ቀጭ! ቀጭ! ቀጭ! አንዱ ቁራጭ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ፣ አንዱ መሬት ላይ።

አባዬ አለቀሰ። እንባው በጉንጩ ወረደ።

«ሽንኩርቱ ነው?» አለች ሰአዳ።

«ሽንኩርቱ ነው» አለ አባዬ።

ሽንኩርቱን ድስቱ ውስጥ ጨመሩት። ሥጋውን ጨመሩት። ካሮቱን ጨመሩት። ድንቹንም፣ ቲማቲሙንም፣ ነጭ ሽንኩርቱንም ጨመሩት።

አባዬ አሁንም ያለቅሳል።

«ሽንኩርቱ እኮ አልቋል፣ አባዬ።»

አባዬ ፊቱን በእጅጌው ጠረገ። «አዎ። ይሄኛው የአንዋር ነው።»

ሰአዳ መሬት ላይ የወደቀውን ሽንኩርት አነሳች። ሆዷ ውስጥ ያለው ነገር ይበልጥ ከበዳት።

አባዬ የማካሮኒውን ፌስታል አነሳ። ከዚያ ቆም አለ። «አሁን ነው የሚጨመረው? ወይስ በኋላ?»

ወደ አጥሩ ሄዶ ተጣራ። «እትዬ ጦይባ! እትዬ ጦይባ! ማካሮኒው መቼ ነው የሚገባው?»

እትዬ ጦይባ ጃንጥላ ይዘው ብቅ አሉ። «መጨረሻ ላይ ነው፣ ይመር! አሁን ከጨመርከው ገንፎ ይሆንብሃል! ሥጋው እስኪበስል ታገስ!»

«ሰማሽ?» አለ አባዬ። «መጨረሻ ላይ።»

«ሰምቻለሁ» አለች ሰአዳ።

ውሃ ጨመሩ። ዘይት ጨመሩ። በርበሬ ትንሽ ቆንጥረው ጨመሩ። ከዚያ ክዳኑን ከድነው ማብሪያውን ተጫኑ። ቀጭ! ትንሿ ቀይ መብራት በራች።

ሰአዳ በርጩማ ስባ ድስቱ ፊት ተቀመጠች።

«ደረሰ?»

«ገና ነው» አለ አባዬ።

ውጭ ዝናቡ ይዘንባል። ጠጠጠጠጠ!

«ደረሰ?»

«ገና ነው።»

አልጋው ላይ እማዬ አልተነሳችም።

ሰዓት አለፈ። ሌላም ሰዓት አለፈ። ድስቱ ማውራት ጀመረ። ቱክ... ቱክ... ቱክ...

«አሁንስ ደረሰ?»

«ገና ነው፣ ሰአዳ። እኔ ቧንቧ ጋ ወርጄ ውሃ ልቅዳ። ድስቱን አትንኪ፤ ያቃጥላል።»

አባዬ ባልዲውን አንጠልጥሎ ወጣ።

ሰአዳ ድስቱን አየችው። በተከፈተው በር የተኛችውን እማዬን አየቻት። ማካሮኒውን አየችው።

ማካሮኒው ቶሎ ከገባ፣ ቶሎ ይደርሳል። ቶሎ ከደረሰ፣ እማዬ ቶሎ ትበላለች። ቶሎ ከበላች፣ ቶሎ ትነሳለች። ሰአዳ እንደዚያ አሰበች።

በርጩማው ላይ ቆመች። ክዳኑን በፎጣ ይዛ አነሳችው። እንፋሎቱ ፉፉፉፍ! ብሎ ወጣ።

ማካሮኒውን ገለበጠችው። ሿ-ሿ-ሿ-ሿ! አንድም ሳታስቀር።

ክዳኑን መለሰች። ወርዳ ተቀመጠች።

አባዬ ውሃውን ይዞ መጣ። ምንም አላየም። ሰአዳም ምንም አልተናገረችም።

ቱክ... ቱክ... ቱክ...

አሁን ሰአዳ «ደረሰ?» ብላ አልጠየቀችም።

ቀኑ ቀስ ብሎ ሄደ። ወደ ማታ ላይ አባዬ ተነሳ። «በይ፣ አሁን ማካሮኒውን አምጪ።»

ሰአዳ አልተንቀሳቀሰችም።

አባዬ ፌስታሉን ፈለገ። ባዶ ነው። ክዳኑን ከፈተ። ማንኪያውን አስገብቶ አማሰለ።

ማካሮኒ የለም። ድስቱ ውስጥ ያለው ወፍራም፣ ቀይ፣ የሚሳብ ነገር ነው። ማንኪያው መሐሉ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ሰአዳ» አለ አባዬ። አልጮኸም። «አንቺ ነሽ?»

ሰአዳ አፏን ከፈተች። ሆዷ ውስጥ የደበቀችው ነገር ሁሉ አንድ ላይ ወጣ።

«እኔ ነኝ!» ብላ ጮኸች። «ማካሮኒውን እኔ ነኝ ያበላሸሁት! አንዋርንም እኔ ነኝ!»

«ምን?» አለ አባዬ።

«ሌሊት ሲያለቅስ ‹ሂድልን!› ብዬዋለሁ! ‹አልፈልግህም፣ ሂድልን!› ብዬዋለሁ! እሱም ሄደ! አሁን እማዬም አትነሳም! ሁሉንም እኔ ነኝ!»

ሰአዳ መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ህ... ህ... ህ...

አልጋው ድምፅ አሰማ። ሲጢጥ!

ባዶ እግር ወለሉን ረገጠ። ጠብ... ጠብ... ጠብ...

እማዬ በሩ ላይ ቆመች። ፀጉሯ ተንጨብርሯል፤ ዓይኗ አብጧል። በአንድ እጇ ግድግዳውን ይዛለች።

«ሰአዳ» አለች። ድምጿ ሻካራ ነበር። «ነይ።»

ሰአዳ አልቻለችም። እማዬ ራሷ መጣችና አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«አንድ ሌሊት በጣም ደክሞኝ ነበር» አለች እማዬ። «አንዋር አለቀሰ፣ አለቀሰ፣ አለቀሰ። እኔም ‹ምነው ዝም ብትል!› ብዬ ጮህኩበት።»

ሰአዳ ቀና አለች። «አንቺ?»

«እኔ። ግን አንዋርን ያሳመመው የኔ ጩኸት አይደለም። ያንቺም አይደለም። የታመመው ሳንባው ነው። ቃል ሰው አያሳምምም። አንቺ ምንም አላደረግሽውም።»

«ምንም?»

«ምንም።»

«ትንሽም?»

«ትንሽም» አለች እማዬ። ሰአዳን ወደ ደረቷ ሳበቻት።

አባዬም ማንኪያውን ድስቱ ውስጥ ትቶ መጥቶ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ሦስቱም አለቀሱ። የእማዬ ትልቅ ለቅሶ፣ የአባዬ ዝም ያለ ለቅሶ፣ የሰአዳ ትንሽ ለቅሶ።

ዝናቡም ዘነበ። ጠጠጠጠጠ!

ከብዙ ጊዜ በኋላ እማዬ አፍንጫዋን ጠረገች። «ምንድነው የሚሸተው?»

«ማካሮኒ ነበር» አለ አባዬ። «አሁን ምን እንደሆነ እኔም አላወቅሁም።»

በትልቅ ሰሃን ቀዳው። ከማንኪያው አልወርድ አለ። አባዬ ማንኪያውን ነቀነቀው። ዱብ!

እማዬ ሰሃኑን አየችው። ሰአዳ እማዬን አየቻት።

እማዬ አንድ ማንኪያ አነሳች።

እማዬ አኘከች። ዋጠች። «ጨው ያንሰዋል» አለች።

አባዬ ዘሎ ተነሳና ጨው አመጣ።

እማዬ በላች። ሰአዳ ቆጠረች። አንድ... ሁለት... ሦስት... አራት... አምስት...

ስድስተኛው ላይ የእማዬ እጅ ቆመ። ዓይኗ እንደገና በእንባ ሞላ።

«በቃኝ» አለች እማዬ። «ዛሬ ይሄን ያህል ነው የምችለው።»

ሰአዳ «ብይ፣ ብይ» አላለቻትም። የቀረውን ከአባዬ ጋር በላችው። ካሮቱ ለስልሷል፤ ሥጋው ለስልሷል፤ ሌላው ሁሉ ተጣብቋል። ትኩስ ነበር፤ ሆዷን አሞቀው።

እትዬ ጦይባ በአጥሩ በኩል ተጣሩ። «ይመር! ማካሮኒው እንዴት ሆነ?»

«ገንፎ ሆነ፣ እትዬ ጦይባ!» አለ አባዬ። «ግን ተበላ!»

«ዘይነባ በላች?»

«በላች።»

እትዬ ጦይባ ከአጥሩ ማዶ «አልሐምዱሊላህ» ሲሉ ተሰሙ።

አባዬ ድስቱን በውሃ ዘፈዘፈው። የተጣበቀው በአንድ ጊዜ አይለቅም።

እማዬ ወደ አልጋዋ ተመለሰች። ሰአዳም ተከትላት አጠገቧ ገባች። እማዬ እጇን አነሳችና ቦታ አደረገችላት።

«እማዬ» አለች ሰአዳ በጨለማው ውስጥ። «ነገም ታለቅሻለሽ?»

«ነገም አለቅሳለሁ» አለች እማዬ።

«ከነገ ወዲያስ?»

«ከነገ ወዲያም ይመስለኛል።»

ሰአዳ አሰበች። «እኔም ላልቅስ?»

«ሲመጣብሽ አልቅሺ። ንገሪኝ፤ አብረን እናለቅሳለን።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ እራት እንበላለን» አለች እማዬ።

ሰአዳ አንድ ጊዜ አዛጋች። ሁለተኛውን ሳትጨርሰው እንቅልፍ ወሰዳት።